ዳማን ከጌዶ ማምጣት

ሰኞ

ከወልቂጤ የተነሳሁት በሚኒባስ ነው። የቆዳ ጃኬቴን ለብሼ፣ ሄልሜቴን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሞተር የሌለው ሞተረኛ ሆኜ። ረዳቱ ሁለት ጊዜ አየኝና «ወንድሜ፣ ሞተሩን የት ጣልከው?» አለኝ። ጌዶ መሆኑን ነገርኩት። «ሩቅ ነው የጣልከው» አለና ሂሳብ መሰብሰቡን ቀጠለ።

ነገሩን ላስረዳ። ወልቂጤ ላይ መነጽር እሸጣለሁ። ከሱቄ ስወጣ ግን ለብዙ ዓመታት የነዳሁት ስፖርት ሞተር ነው። ስፖርት ሞተር ለማያውቅ ሰው፦ ነጂው በሆዱ ይተኛል፣ አገጩ የቤንዚን ታንከሩን ሊነካ ይደርሳል፣ መቀመጫው ወደ ሰማይ ይነሳል። ከሩቅ ለሚያየው የወደቀ ሳንቲም የሚፈልግ ይመስላል። እኔም እንዲህ ስፈልግ ኖሬ ያገኘሁት የአንገት ሕመም ነው። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ «ወይ ቀና ብለህ ንዳ፣ ወይ አትንዳ» አለኝ። ባለቤቴ ዘሃራ ከዚህ ውስጥ የሰማችው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ብዙ ተከራክረን አንድ ስምምነት ላይ ደረስን። ክሩዘር የሚባለውን፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ የሚነዱትን ሞተር በዚህ ሳምንት ገዝቼ፣ ራሴ ነድቼ ቤት ካስገባሁ ይሁን። ባዶ እጄን ከተመለስኩ ግን ሞተር የሚባል ነገር በቤታችን አይነሳም፤ ሄልሜቱም የሽንኩርት ማስቀመጫ ይሆናል። ዘሃራ ቃሏን አታጥፍም። ከመነሳቴ በፊት ሄልሜቱን በዓይኗ ስትለካው አይቻታለሁ።

ክሩዘር በእኛ አካባቢ ተፈልጎ አይገኝም። ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው፤ ባለቤቱ ጌዶ የሚኖሩ የከብት ነጋዴ ናቸው ተባለ። ለመንገድ ሥራ መጥቶ ከነበረ የውጭ አገር ሰው የገዟትን ሞተር፣ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው ሊሸጡ ነው።

ወሊሶ ላይ መኪና ቀይሬ በወንጪ በኩል ወደ አምቦ አቀናሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እንቁላል በፌስታል ይዘዋል። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር እኔን ሳይጠይቁ እንቁላሎቹን ከነፌስታሉ ሄልሜቴ ውስጥ አስገቡ። ዞር ብዬ ሳያቸው «ጭንቅላት የሚያድን እንቁላል አያድንም?» አሉኝ። አምቦ ስንደርስ አንዱም አልተሰበረም። ለሄልሜቴ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ማክሰኞ

ከአምቦ ወደ ጌዶ የሚወስደው መንገድ ጉደርን አልፎ ሽቅብ ይወጣል፤ በወጣን ቁጥር ይበርዳል። ወልቂጤ ላይ እንደ እኔ ጃኬት ቆልፎ የሚሄድ ሰው ወባ ይዞታል ይባላል። ጌዶ ላይ ግን በጃኬቴ ላይ ሌላ ጃኬት አማረኝ።

ሻጩ ኦቦ ቶለሳ መነኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከዘራ ይዘዋል፤ ግን ከሚደገፉበት ይልቅ የሚጠቁሙበት ይበዛል። «አከም ጅርታ? በጋ ነጋን ዱፍቴ!» ብለው ሰላም አሉኝና ወደ አማርኛ ዞሩ። «የመነጽሩ ሰው አንተ ነህ? ታዲያ መነጽርህስ?»

«እኔ ዓይኔ ደህና ነው» አልኳቸው።

«ዳቦ ሻጭ ዳቦ አይበላም ማለት ነው» አሉና መንገድ መሩ።

ሞተሯ ከበረቱ ጎን፣ የራሷ ጣሪያ ተሠርቶላት ቆማለች። መልኳ ዳማ ፈረስ ይመስላል፤ ስሟንም ዳማ ብለዋታል። ኦቦ ቶለሳ ከጌዶ እስከ ጉደር፣ ከጉደር እስከ አምቦ ገበያ ለገበያ ሲዞሩባት ኖረዋል። በሬ ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ዓይኑን ዳማ ላይ ተክሎ ዋጋውን ይረሳ እንደነበር አጫወቱኝ። ሞተሯን ልመረምር ጎንበስ ስል እሳቸው እኔን መመርመር ጀመሩ። «እስቲ ወዲያ ሂድ። ወዲህ ና» አሉኝ። ሄድኩ፤ መጣሁ። «አንገትህን ያምሃል» አሉ። ጥርሴንም እንዳያዩ አፌን ዘጋሁ።

ዳማ ላይ ስቀመጥ ሰውነቴ የለመደውን አደረገ። ደረቴ ወደ ፊት ወደቀ፤ እግሮቼ ወደ ኋላ ሄደው መርገጫ ፈለጉ። መርገጫው ግን ከፊት፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው ያለው። እግሮቼ ከኋላ አየር ሲረግጡ ኦቦ ቶለሳ ሳቁ። «ምነው፣ እያሸተትካት ነው? ቀና በል! እንደ ዳኛ ተቀመጥ!»

እንደ ዳኛ ተቀምጬ ሜዳውን መዞር ጀመርኩ። ስፖርት ሞተር ገና ስታስብ ይታጠፋል። ዳማ ግን ማመልከቻ ትፈልጋለች። ማመልከቻዬን ዘግይቼ ስላስገባሁ ተያይዘን የጎረቤት ጭድ ክምር ውስጥ ገባን። የጭዱ ባለቤት ሐጂ ሙሳ የሚባሉ ጎረቤት ናቸው፤ ሊቆጡ እየሮጡ መጥተው እንግዳው እኔ መሆኔን ሲያውቁ ሳቅ አሸነፋቸው። ለካ የኦቦ ቶለሳ ባለቤት አዴ ጫልቱ ሙስሊም መሆኔን በስልክ ከድምፄ ሳይሆን ከስሜ ገምተው፣ ጠዋት ዶሮዋን ለሐጂ ሙሳ ልከው አሳርደዋታል። «እኔ ዶሮህን ባረድኩልህ፣ አንተ ጭዴን በተንክ» አሉኝ ሐጂ። ከራሴ ላይ ጭድ እየለቀምን ምሳ ገባን።

የቀረበው እንጀራ ነጭ የጌዶ ጤፍ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ቆጮ በጎኑ ይቀመጥ ነበር፤ እዚህ ግን ቆጮ ስጠይቅ አዴ ጫልቱ የመድኃኒት ስም መሰላቸው። ውሉን የተፈራረምነው እዚያው ማዕድ ላይ፣ ሐጂ ሙሳ ምስክር ሆነው ነው። ሊብሬውን ተቀበልኩ። ወዲያው ለዘሃራ ደውዬ «ገዛሁ» አልኳት። «ስትገባ አያለሁ» አለችኝ። ያን ምሽት እዚያው አደርኩ፤ ደስታው እንቅልፍ አሳጣኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ኦቦ ቶለሳ «ለመጨረሻ ጊዜ እኔ ላስነሳት» አሉ። ማን ይከለክላቸዋል? የዳማ ቁልፍ ማስገቢያ እንደ ስፖርት ሞተር ከመሪው መሐል አይደለም፤ ከታንከሩ ሥር፣ በግራ ጭን በኩል ተደብቋል። እኔ ላይዋ ተቀምጬ እሳቸው ጎንበስ ብለው አስነሷት። ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው ታንከሯ ላይ አኖሩ፤ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ትርጉሙን ሁሉ ባላውቅም «አሜን» የሚባልበትን ቦታ አልሳትኩም። ከዚያ «ሱታ! ሱታ!» እያሉ በከዘራቸው አሰናበቱኝ። ሱታ ቀስ ማለት ነው። ዳማም ከዚያ ሌላ ቋንቋ አትሰማም።

ቁልቁለቱን ስወርድ ተቸገርኩ። ነፋሱ ደረቴን ይገፋኛል፤ የምሸሸግበት መስታወት የለም። የትንኝ ዘር ሁሉ ጥርሴን ጎበኘ። ስፖርት ሞተር ላይ የማየው የፊት ጎማዬን ነበር፤ እዚህ ግን የገብሱን ማሳ፣ አጥር የምታጥረውን ሴትዮ፣ ከሴትዮዋ ጋር የሚጣሉትን ፍየሎች ጭምር አየሁ። ፍየሎቹን ሳይ መታጠፊያ አለፈኝና ተመለስኩ።

ጉደር ላይ ለምሳ ቆምኩ። እጄ በልማድ ቁልፍ ፍለጋ መሪው ላይ ሄደ። የለም። ‹አዎ፣ የዚህችኛዋ ከጎን ነው› አልኩና ቀዩን ማጥፊያ ተጭኜ ወረድኩ። በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው «ጌታው፣ መብራቷ በርቶ ቀርቷል» አለኝ። እኔም በአዋቂ ድምፅ «ክሩዘር እንዲህ ነው» አልኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ ባትሪዋ ሞቷል። ያው ሰውዬ ሦስት ጓደኞቹን ጠርቶ እስክትነሳ ገፋልኝ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ክሩዘር እንዲህ ነው?» አለኝ። ሻይ እንኳ ልጋብዛቸው ብል እምቢ አሉ።

አምቦ ላይ የቤንዚን ሰልፉ ረጅም ነው። የባጃጅ ሹፌሮች ዳማን ከበው እያደነቁ፣ እኔም እንደ ዳኛ ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ቀጂው ማጠጫውን ይዞ «ክፈት» አለ። የታንከሩ ክዳን በቁልፍ ነው የሚከፈተው። እጄን ከጭኔ ሥር ሰደድኩ። ቀዳዳ አገኘሁ። ቁልፍ ግን የለም።

ኪሴን ፈተሽኩ፤ ቦርሳዬን አራገፍኩ። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ አማካሪ ሆነ፤ አንዱ ቢላ፣ አንዱ ማንኪያ፣ አንዱ ደግሞ ሱረቱል ፋቲሐ አዘዘልኝ። በዚህ መሐል አንድ የባጃጅ ሹፌር ተጠጋና ሞተሯን ዞራት። «ይህቺ የኦቦ ቶለሳ ዳማ አይደለችም? እኔ የጌዶ ልጅ ነኝ። ሸጡልህ? ታዲያ ቁልፉን መቼ ይሰጡሃል!»

«እንዴት?»

«ፉኞን ሂን ጉርጉራሙ። ገመድ አይሸጥም። በእኛ አገር በሬ የሸጠ ሰው ገመዱን ፈቶ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው። ገመዱን ከሰጠ የበረቱ በረከት አብሮ ይወጣል ይባላል።»

«ይህ እኮ በሬ አይደለም!»

«ለእሳቸው ንገራቸው» አለ።

ያረጀ ቁልፍ ቤት ስለሆነ ሞተሯ ሳትጠፋ ቁልፉ ይወጣል። እኔም ወደ ኋላ ተደግፌ ስለተቀመጥኩ፣ ጠዋት ኦቦ ቶለሳ ጭኔ ሥር ቁልፉን ሲነቅሉ አላየሁም። ስፖርት ሞተር ቢሆን ኖሮ አፍንጫዬ ሥር ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ሊብሬው በኪሴ፣ ሞተሯ በእጄ፣ መንዳት ግን የለም። ዳማን እየገፋሁ ወደ ሆቴል ስሄድ የታየኝ ዘሃራ ሽንኩርት ስትደረድር ነው።

ሐሙስ

ስደውልላቸው ኦቦ ቶለሳ ስለ ቁልፍ ነገር ሳልጀምር «ና፣ ምሳ እየተሠራ ነው» አሉ። በሚኒባስ ወደ ጌዶ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ንዴቴን ስስል ሄጄ በራቸው ላይ ስደርስ ጨጨብሳ በማር ቀረበልኝ። አፍ በማር ሞልቶ መቆጣት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ሞከርኩ።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ቁልፉስ?»

አንገታቸው ላይ ያለውን የቆዳ ማሰሪያ ጎተት አድርገው አሳዩኝ። «ይኸው።»

«ታዲያ ለምን አልሰጡኝም?»

«ሞተር ሸጥኩልህ እንጂ ቁልፍ መቼ ሸጥኩልህ?»

አዴ ጫልቱ እየሳቁ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ግድግዳው በገመድ ተሸፍኗል። የጠፍር፣ የቃጫ፣ የላስቲክ ገመድ። «ይህ ሁሉ የሸጣቸው ናቸው» አሉ። «በሬው ሄዶ ታርዷል፣ ተበልቷል። እሱ ግን ዛሬም ገመዱን እያየ፣ ‹ይህ የእንትና ነበር፣ እርሻ ላይ እንዲህ ያደርግ ነበር› ይለኛል።»

ተመልሼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ኦቦ ቶለሳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሞተር ያለ ቁልፍ እንደማይሄድ አላውቅም ብለህ ነው? አውቃለሁ። ግን ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በእግሬ ገበያ አልደርስ፤ እሷንም ወሰድካት። ባዶ አንገቴን ልቀር ነው?»

አዘንኩ። ለእሳቸው ብቻ አይደለም። እኔም አንገቴ ቢፈቅድልኝ ኖሮ ያቺን የሚያስጎነብስ ሞተር እስክሞት አልሸጣትም ነበር። የሸጥኳት ቀን ገዢው ከመንገዱ ጫፍ እስኪጠፋ ቆሜ አይቻለሁ፤ ለዘሃራ ግን አልነገርኳትም። ስለዚህ መቆጣቱን ተውኩት። ግን ያለ ቁልፍ ወልቂጤ መግባትም አልችል።

«እሺ፣ ገመድ አይሸጥም» አልኳቸው። «አዲስ ገመድ መግመድስ ክልክል ነው?»

ዓይናቸው በራ። «ማን ይከለክላል? ገዢ በራሱ ገመድ ነው የሚስበው!»

«አምቦ ቁልፍ ቀራጭ አለ። አንዱን አስመስሎ ይቅረጽልኝ። እርስዎ የእርስዎን ይያዙ።»

ጭናቸውን መቱ። «ከትናንት ጀምሮ ይህን እስክትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው! በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው ‹ገመዴን ላምጣ› ነው። አንተ ግን ‹ሊብሬ› ብቻ ትላለህ።» ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። «ግን ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ነገ እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

ዓርብ

ከአዴ ጫልቱ የተላከ አንድ ቆርቆሮ ቅቤ ጉልበቴ ላይ፣ ኦቦ ቶለሳን በጎኔ ይዤ አምቦ ገባን። ከአንገቴ አይወርድም ያሉትን እንደ አባባል ወስጄው ነበር። ቀራጩ እጁን ዘርግቶ «ቁልፉን» ሲላቸው አንገታቸውን ዘረጉለት። ማሰሪያው አጭር ስለሆነ ከማሽኑ ለመድረስ ከወገባቸው እጥፍ ማለት ነበረባቸው።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ነው ወይስ እርስዎን ነው የምቀርጸው?» አለ ቀራጩ።

«ሱታ ቅረጽ!» አሉት።

ማሽኑ ሲጮህ፣ የነሐሱ ብናኝ ጢማቸው ላይ ሲያርፍ፣ ኦቦ ቶለሳ አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አስጠግተው፣ መቀመጫቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ። ልክ እንደ ስፖርት ሞተር ነጂ። ዕድሉን ማሳለፍ አልቻልኩም። «ኦቦ ቶለሳ፣ ምነው፣ እያሸተቱት ነው? ቀና ይበሉ እንጂ!» ከተጎነበሱበት በኦሮምኛ የመለሱልኝን ቀራጩ እየሳቀ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም።

አዲሱ ቁልፍ ታንከሩን ከፈተ። ቤንዚን ቀዳን፤ ባትሪዋንም አስሞላን። ከዚያ ኦቦ ቶለሳ ከኋላዬ ተቀምጠው አምቦን አዞሩኝ። እኔ ነኝ የምነዳው፤ እሳቸው ግን በጎነበስኩ ቁጥር በከዘራቸው ጫፍ ወገቤን ይወጉኛል። በመጀመሪያው ዙር ብዙ ተወጋሁ። በኋላ ግን ክንዴ ላላ፣ ትከሻዬ ወረደ፣ መታጠፊያውን ከሩቅ አይቼ ማመልከቻዬን በጊዜው ማስገባት ጀመርኩ። ከዘራው ዝም አለ። ከኋላዬ ያንጎራጉሩ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው።

መነኸሪያው ላይ ሲወርዱ ታንከሯን አንዴ ዳበስ አደረጓት። «በራስህ ገመድ ውሰዳት» አሉኝ። የሸጧት አሁን ነው። ማክሰኞ የፈረምነው ወረቀት ነበር።

ቅዳሜ

በወንጪ በኩል ወደ ቤት ተመለስኩ። ዳገቱ ላይ ጉም ነበር፤ ጣቶቼ ደንዝዘው አንዲት ቤት በር ላይ ስቆም ባለቤቷ ሳልጠይቅ የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ አስጨበጠችኝ። ወልቂጤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለጠላት ነው የሚሰጠው።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። በስፖርት ሞተር ስሄድ ማንም ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ ሰው ሲያየኝ ልጁን ይሰበስብ ነበር። ቀና ብዬ፣ ቀስ ብዬ ስሄድ ግን ገበሬው ከማሳው እጁን ያነሳል፣ ሽማግሌው ከዛፍ ሥር አንገቱን ይነቀንቃል። እኔም ስመልስ፣ ስመልስ ወሊሶን አለፍኩ። ሙቀቱ ሲመጣ ጃኬቴን አወለቅሁ። አንገቴ ዝም ብሏል። ሲጠዘጥዘኝ እጠብቀዋለሁ፤ አይጠዘጥዝም። ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ጮህኩ።

ዘሃራ በሩን ከፍታ ቆመች። ዳማን አስገብቼ አጠፋኋት፤ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ዙሪያዬን ዞራ አየችኝ። አንገቴን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዙር አለችኝ፤ አዞርኩ። «እሺ» አለች፤ «ትኑር።»

የዚያኔ ስልኬ ጠራ። እጄ በአቧራ ስለተለወሰ ዘሃራ አነሳችው። «አዎ፣ ገብቷል… አዎ፣ ቀና ብሎ… እሺ አባቴ… እሺ… እሺ።» በትዳራችን ለእኔ ያላለችውን እሺ ሁሉ ለኦቦ ቶለሳ አለቻቸው። ስልኩን ዘግታ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቁልፉ።»

«ለምን?»

«‹እሱ ከተመቸው መፍጠኑ አይቀርም፤ ገመዱን አንቺ ያዢው› አሉኝ።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። መዳፏ አልታጠፈም። ሰጠኋት።

ይኸው ዳማ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ሊብሬዋ በስሜ ነው። ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ ጌዶ፣ አንዱ ዘሃራ አንገት ላይ።